13 ሰከንድ የቆየው ኩቢት ምን ሠራ?

የኳንተም ኮምፒውተር ዜና አዲስ አበባ ሲገባ ሁለት ነገር ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ስንት ኩቢት (የኳንተም ኮምፒውተር መሠረታዊ የመረጃ አሃድ)፣ ስንት ሰከንድ። እ.ኤ.አ. በ2025 የካልቴክ ተመራማሪዎች 6,100 የሲዚየም አቶሞችን በኩቢትነት በሌዘር አጥምደው የኳንተም ሁኔታቸውን 13 ሰከንድ ገደማ ማቆየታቸውን ሲያሳውቁም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላ ወሬው የባንክ ምስጢር ሁሉ ሊገለጥ ነው ወደሚለው ለመዝለል አፍታ አይፈጅበትም።

ሥራው ትልቅ ነው፤ አልክድም። ቻርጅ የሌለው አቶም ከአካባቢው ጋር እምብዛም ስለማይነካካ ሁኔታው ቶሎ አይበላሽም። ግን ዕድሜ የሰጠው ይኸው ዝምታው ለስሌት አይበጅም። ስሌት እንዲሠራ ከጎረቤቱ ጋር መነካካት አለበት። ለዚህም ሌዘር ኤሌክትሮኑን ከኒውክለሱ አርቆ ሪድበርግ ወደሚባለው ደረጃ ይሰቅለዋል፤ እዚያ ዕድሜው የሚቆጠረው በማይክሮ ሰከንድ ነው። 13ቱ ሰከንድ የዝምታው ዕድሜ ነበር። በካልቴኩ ሙከራ 6,100ዎቹ አቶሞች ገና እርስ በርስ አልተቆራኙም፤ ተመራማሪዎቹም ቀጣዩ ሥራችን እሱ ነው ብለዋል። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ማን አስተጋባት?

ኮልፌ አጠና ተራ አጠና የሚገዛ ሰው ብዛት ቆጥሮ ብቻ አይከፍልም፤ የጎበጠውን እያወጣ ይጥላል። የጎበጠውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2023 የሃርቫርድ ቡድን በ60 አቶሞች ላይ ሁለት ሁለቱን አቆራኝቶ ያገኘው ጥራት 99.5 በመቶ ነበር። ያማረ ይመስላል። ከ200 እርምጃ አንዱ ይሳሳታል ማለት ግን ነው፤ ሺህ እርምጃ ቢከታተል ያለ ስሕተት የማለቁ ዕድል ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። የባንክ ምስጢር ከሚቆለፍባቸው አንዱ የሆነውን ባለ 2,048 ቢቱን የአርኤስኤ ቁልፍ ለመፍታት የሚያስፈልገው ደግሞ በቢሊዮን የሚቆጠር እርምጃ ነው። በዚያው ዓመት ሃርቫርዶች 280 አቶሞችን ይዘው ስሕተትን የሚለዩ እስከ 48 ሎጂካዊ ኩቢቶች (እያንዳንዳቸው ከበርካታ አቶሞች የተገነቡ) መሥራታቸው፣ በእኔ ሚዛን፣ ከ6,100ው ይበልጣል። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ግን ዜና አልሆነልንም።

የሚያናድደው የሚመረምር ሰው አለመጥፋቱ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ክፍል፣ የኳንተም ኦፕቲክስ መጽሐፍ ካሳተሙት ፍስሐ ካሳሁን ጋር፣ ተማሪዎች የአቶምንና የብርሃንን ግንኙነት በሒሳብ ሲያሰሉ ኖረዋል። ቤተ ሙከራው ይጎድላቸው ይሆናል እንጂ ዕውቀቱ አላቸው። የሳይንስ ዜና የምትጽፉ ጋዜጠኞች፣ አራት ኪሎ ሩቅ አይደለም፤ ቀጣዩን ቁጥር ከመዘገባችሁ በፊት ደውሉና አቶሞቹ ተቆራኝተው እንደሆነ፣ ከስንት እርምጃ አንዱ እንደሚሳሳት ጠይቁ።