ሥጋው ቢለይም ሸማው አንድ ነበር

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው አድገናል። ለልምምድ ማስተማር በወጣንባቸው ትምህርት ቤቶችም በጥቁር ሰሌዳ ላይ አሳምረን ጽፈን ሕፃናቱን በአንድ ድምፅ አስብለናል። ይሁንና ባለፈው ኅዳር 29 ቀን የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች በዓል ሲከበር በራሳችን ግቢ ውስጥ ድሩ ሲላላ ቆመን አየን። አይተንም ዝም አልን። ዛሬ በዚህ ግድግዳ ላይ ብዕራችንን ያነሣነው ዝምታው ስለ ከበደን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴት ሠልጣኞች ሁሉ በአገር ባህል ልብስ አሸብርቀው እንዲገኙ ማስታወቂያ ወጣ። አንዲት ከወሎ የመጣች እኅታችን እናቷ ያሰፋችላትን ባለ ጥለት ቀሚስ ለብሳ፣ ከጥለቱ ቀለም ጋር የሚስማማ ሂጃብ አድርጋ መጣች። ለፎቶግራፍ ስንሰለፍ ከመካከላችን አንዱ፣ «እስቲ እሱን አውልቂና ነጠላ ጣል አድርጊ፤ ዐረብ አገር እንዳይመስልብን!» አለ። ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም፤ አላወለቀችምም። ከሰልፉ ወጥታ ወደ መኝታ ክፍሏ ሄደች። ፎቶው እዚሁ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ እሷ የለችበትም።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ተሰማ። አንዲት ሙስሊም እኅታችን ፀጉሯን በነጠላ ብቻ ሸፍና ስትጨፍር ውላ ነበር። አንድ የሃይማኖት ወንድሟ መንገድ ላይ አስቁሟት፣ «ይሄ እኮ የቤተ ክርስቲያን ልብስ ነው፤ አንቺ ከየትኛው ወገን ነሽ?» አላት። ማታ ስታለቅስ ጓደኞቿ አገኟት።

አባቶቻችን በዘመናቸው «ሂስና ግለ ሂስ» ይሉት እንደ ነበረው፣ ሂሱን ከራሳችን እንጀምር። ተናጋሪዎቹ ሁለት ቢሆኑም ጥፋተኞቹ ሁላችንም ነን። አንዱ «ባህል» ብሎ፣ ሌላው «ሃይማኖት» ብሎ የተናገሩት ነገር ሥሩ አንድ ነው። ሁለቱም ነጩን ሸማ የአንድ ወገን ብቻ ንብረት አድርገው አዩት። ይህ ትክክል አለመሆኑን ታሪካችን ራሱ ይመሰክራል።

ለመሆኑ ሸማውን ማን ሸመነው? እስቲ ወደ ጎንደር ዘመን መለስ እንበል። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1668 በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ተወሰነ። ርስት የመያዝ መብት ስላልነበራቸው መተዳደሪያቸው ንግድና ሽመና ሆነ። ቤተ እስራኤሎችም እንደዚሁ ሸማኔና ቀጥቃጭ ነበሩ። በማዕድ በኩል ልዩነቱ ጥብቅ ነበር፤ ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይቀምስም። ነገር ግን ጥጡን ክርስቲያንም ሙስሊምም እናት በእንዝርት ፈተለችው፤ ክርስቲያኑ ለፋሲካ የሚለብሰው ሸማም ከሙስሊም ሸማኔ ጉድጓድ ይወጣ ነበር። ሥጋው ቢለይም ሸማው አንድ ነበር።

ጥለቱስ ቢሆን? ዛሬ «ጥንታዊና ንጹሕ የአገር ሥራ» የምንለው ቀይና ሰማያዊ ጥለት፣ ክሩ ከባሕር ማዶ የሚመጣበት ዘመን ነበር። ነጋዴው ባለ ቀለም ጨርቅ አምጥቶ ይሸጣል፤ ጨርቁ ይተረተርና ክሩ በሸማው ዳር ይጠለፋል። የሩቅ መንገድ ንግዱ ደግሞ በአብዛኛው በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ ነበር። ስለዚህ በነጠላችን ጠርዝ ላይ የውጭ አገር ክር፣ የሙስሊም ነጋዴ ድካም፣ የሸማኔ ጥበብና የእናቶች ፈትል አብረው ተሸምነዋል። ይህን ከጠርዙ ነቅለን ብንጥል የሚቀረን ጥለት የሌለው ቡልኮ ነው።

ዛሬም ቢሆን ያው ነው። በእንጦጦ ግርጌ ያለውን ሽሮ ሜዳን የማያውቅ የለም። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው በብዛት የሚሠሩበት ሰፈር ነው። ከመካከላችን ጥቂቶቻችን ለበዓሉ ልብስ ልንገዛ ወርደን ሳለ አንድ ሸምገል ያሉ ሸማኔ አነጋግረን ነበር። «ጋሼ፣ ለሙስሊም ነው ለክርስቲያን የሚሠሩት?» ብለን ብንጠይቃቸው መወርወሪያቸውን ሳያቆሙ፣ «እኔ የምጠይቀው ቁመቷንና የጥለቱን ቀለም ነው ልጆቼ» አሉን። ለኒካሕ የሚታዘዘውም፣ ለተክሊል የሚታዘዘውም ከአንድ እጅ ይወጣል።

ነጠላን የቤተ ክርስቲያን ያደረገው ታዲያ ምንድን ነው? አለባበሱ ነው እንጂ ጨርቁ አይደለም። ምእመናን ለጸሎት ሲሄዱ መስቀለኛ ያጣፉታል፤ ኀዘን ሲደርስ ደግሞ አዘቅዝቀው ጥለቱን ወደ ፊታቸው ያመጡታል። ያው ነጠላ በወሎ ሙስሊም እናት ራስ ላይ ሲሆን ለመውሊድ፣ ለሶደቃና ለለቅሶ ቤት ይለበሳል። አንድ ጨርቅ ብዙ ቋንቋ ይናገራል። ቋንቋውን የሚመርጠው ለባሹ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። «ነጠላው የጋራ ከሆነ ሂጃብና አባያ ለምን አስፈለገ? ይሄ እኮ የባዕድ ነው» የሚሉ አሉ። ጥያቄውን መናቅ አይገባም፤ ምክንያቱም የሚነሣው በክርስቲያኖች ዘንድ ብቻ አይደለም። ጥቁሩ አባያ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በብዛት የተለመደው ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች ከሚደረገው ጉዞ፣ ከንግድና ከሃይማኖት ትምህርት መስፋፋት ጋር ነው። በሙስሊም ቤተሰቦችም ውስጥ ስንት እናት «እኔ በነጠላና በሻሽ ኖሬ አላህን የበደልኩ ይመስልሻል?» ብላ ከልጇ ጋር ተከራክራለች! ልጂቱም የራሷ መልስ አላት። ይህ በእናትና በልጅ፣ በዐዋቂና በደረሳ መካከል የሚደረግ ክርክር ነው። ክርክሩ ይቀጥል። የእኛ በዚያ መሐል ገብቶ በመሳቅ መፍረድ ግን ምን ይሉታል?

ደግሞስ «የባዕድ» የሚለውን ቃል ስንወረውር ራሳችንን እንመልከት። ያን ቀን ተናጋሪው ወንድማችን የለበሰው ጂንስ ሱሪ ነበር። በዓሉን የከፈቱት እንግዳ ክራቫት አስረው ነበር። ማንም «አውልቁ፤ ፈረንጅ አገር እንዳይመስል» አላላቸውም። ከገበያ «የሐበሻ ቀሚስ» ብለን ከገዛነው ውስጥም ጥለቱ በሸማኔ እጅ ሳይሆን በባዕድ አገር ፋብሪካ የታተመ ብዙ አለ። ባዕድነቱ የሚታየን በሴት ራስ ላይ ሲሆን ብቻ ከሆነ፣ ችግሩ ያለው ከጨርቁ ላይ ሳይሆን ከዓይናችን ላይ ነው።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። በዚያው ቀን መድረክ ላይ የሐረሪ ሴቶችን አለባበስ ያሳዩ እኅቶቻችን ከቀሚሱ ሥር ጠበብ ያለውን ሱሪ ታጥቀው፣ ራሳቸውን በደማቅ ሻሽ ሸፍነው ሲወጡ አጨበጨብን። ያገባች የአፋር ሴት የምታደርገውን ጥቁር የራስ መሸፈኛ፣ የሶማሌ ሴቶችን ጋርባሳር ስናይም አጨበጨብን። እነዚህ ሁሉ የሙስሊም ሴቶች አለባበሶች ናቸው። መድረክ ላይ ሲሆን የራስ መሸፈኛ «ባህል» ይባላል፤ ያችው ልጅ ከመድረክ ወርዳ ክፍል ስትገባ «ዐረብ» ትባላለች። እንዴ! ባህል ማለት በዓመት አንድ ቀን የሚጨበጨብለት ነገር ብቻ ነው እንዴ?

የዚህ ነገር ቁስል አሮጌ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው ታላቅ ሰልፍ ሲወጡ ብዙ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። ለዘመናት ካንገበገባቸው ነገር አንዱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባላቸው ነበር። ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ሳይሆን በኢትዮጵያ የሚኖሩ፤ እንደ እንግዳ፣ እንደ ተከራይ! በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት ተለወጠ፤ በዚያው ዓመት ሦስት የሙስሊም በዓላት የሕዝብ በዓል ሆኑ። አባባሉ ከወረቀት ላይ ጠፍቷል። «ዐረብ አገር እንዳይመስልብን» ስንል ግን በአፋችን መልሰን እንጽፈዋለን።

ይህን የምንለው የአንድ ቀን ፎቶ ስለ ቀረባት ብቻ አይደለም። እኛ ዕጩ መምህራን ነን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ትምህርት ቤቶች በር ላይ እንቆማለን። እነዚህ ከተሞች ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሕዝብ የሚኖርባቸው ናቸው። አንድ ክፍል ውስጥ የኦሮሞ፣ የአማራ፣ የጉራጌ፣ የስልጤ፣ የጋሞ ልጅ አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጣል። ባለ ማተቡም፣ ባለ ሂጃቡም አለ። በሩ ላይ የሚነገር አንድ ቃል የልጅ ዕድል ሊዘጋ ይችላል።

ምሳሌ ካስፈለገ ሩቅ መሄድ የለብንም። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሂጃብ የለበሱ ተማሪዎች እንዳይገቡ ተከለከሉ። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመመዝገብ የተቸገሩት 159 መሆናቸውን አስታወቀ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በጥር ወር ክልከላው እንዲታገድ ታዘዘ፤ በመቀሌም ሰልፍ ተደረገ። የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም ስደተኞች ከመካ ተሰደው ጥገኝነት ያገኙት በአክሱም መንግሥት ዘመን እንደ ነበር ለሕፃናት የምናስተምር እኛ ነን። ያን ታሪክ እያስተማርን ልጂቱን ከበር ብንመልስ ተማሪው የትኛውን ይመን? አፋችንን ወይስ እጃችንን?

ሕጉስ ምን ይላል? ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ ያውም በዓሉን የምናከብርለት፣ በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን ይደነግጋል። ገደብ ቢያስፈልግ እንኳ በሕግ ብቻ እንደሚሆን ይናገራል እንጂ በበር ጠባቂ ቁጣ ወይም በተማሪ ሳቅ አላለም። በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ሁለቱ አይጋጩም። ነፃ መሆን ያለበት ትምህርቱ ነው፤ የልጂቱ ራስ አይደለም።

ይህ ሲባል ግን የዩኒፎርምን ጥቅም አንክድም። ዩኒፎርም የሀብታሙንና የድሃውን ልጅ ያስተካክላል። ነገር ግን የሂጃቡን ቀለም ከዩኒፎርሙ ጋር ማስማማት ቀላል ነገር ነው፤ ወላጅንና ትምህርት ቤቱን በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጦ የሚያልቅ ነው። ፊትን መሸፈን የተለየ ጉዳይ ነው። ፊደል የምታስተምር መምህርት የአንደኛ ክፍል ሕፃን ከንፈሯን ሊያይ ይገባል፤ በፈተናም ጊዜ ማንነት መረጋገጥ አለበት። ይህንም ቢሆን በሴት ሠራተኛ፣ ለብቻ፣ በክብር መፈጸም ይቻላል። በሰው ፊት መግለጥና ማዋረድ ግን መፍትሔ አይደለም።

በሌላ በኩል ያችን በነጠላ የጨፈረች እኅታችንን አንርሳ። አስገድዶ ማስወለቅ ስሕተት እንደ ሆነ ሁሉ አስገድዶ ማልበስም ስሕተት ነው። ኢራን ለዚህ ትምህርት ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ1936 ሬዛ ሻህ ሴቶች መሸፈኛቸውን እንዲጥሉ አዘዘ፤ ፖሊስ በመንገድ ላይ እየገፈፈ አስጣለ። ከ1979ኙ አብዮት በኋላ የመጣው መንግሥት ደግሞ በ1983 እንዲሸፈኑ በሕግ አስገደደ። በመስከረም 2022 ማሕሳ አሚኒ የተባለች ወጣት በአለባበሷ ተይዛ በፖሊስ እጅ ሳለች ሕይወቷ አለፈ፤ አገሩ ተናወጠ። ፈረንሳይም በ2004 ባወጣችው ሕግ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሂጃብን ከልክላ እስከ ዛሬ ከክርክር አልወጣችም። አዛዡና ትእዛዙ ተለዋወጡ እንጂ የታዘዘችው ያችው ሴት ናት። ስለ ልብሷ ሁሉ ሰው ሲናገር እሷን የጠየቃት ስንቱ ነው?

እንግዲህ አስተያየታችንን እንቋጭ። በመጀመሪያ፣ ያ የተለጠፈው ፎቶግራፍ ይውረድና እንደገና እንነሣ፤ ሁለቱም እኅቶቻችን በመረጡት ልብስ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ከፊት ረድፍ ይቁሙ። ይቅርታም እንጠይቃቸው። በሁለተኛ ደረጃ፣ ለሚመጣው በዓል የሚወጣው ማስታወቂያ «የአገር ባህል ልብስ» ሲል የአንድ ወገን ልብስ ብቻ እንዳልሆነ በግልጽ ይጻፍ። በሦስተኛ ደረጃ፣ ለልምምድ በምንሄድባቸው ትምህርት ቤቶች አንዲት ልጅ በልብሷ ምክንያት በር ላይ ብትቆም፣ መጀመሪያ ወደ ክፍሏ ትግባ፤ የልብሱ ጉዳይ ከወላጅ ጋር ከትምህርት ሰዓት በኋላ ይታይ።

ሸማኔው መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ የሚወረውረው ድርና ማግ እንዲያያዙ ነው። እኛም መምህር የምንባለው ለዚሁ ነው። ልጆቹ ይያያዙ እንላለን።

ከሁለተኛ ዓመት ሠልጣኞች፣ ለገጣፎ