የቤተሰብ ዓምድ፦ ሸራዋን ጠቅልላ ወደብ ስትገባ

ለዛሬ ወደ ጃፓን የባሕር ጠረፍ ዘልቀን ስለ ሁለት ወገኖች ልናወጋችሁ ወደናል፤ በሸራ መርከብ ላይ ስለሚሠለጥነው ወጣትና ወደብ ቆሞ ስለሚጠብቀው ቤተሰብ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1927 የካጎሺማ የንግድ መርከብ ትምህርት ቤት ማሠልጠኛ የነበረችው ኪሪሺማ ማሩ በማዕበል ተመትታ ሰጠመች። የተሳፈሩባት 53 ሰዎች ሁሉ አለቁ። ልጆቻቸውን ለትምህርት የሸኙ ወላጆች መርዶ ተቀበሉ። መንግሥት ግን በዚህ ምክንያት ሥልጠናውን አላስቀረም፤ ይልቁንም ትላልቅና ጠንካራ መርከቦች እንዲሠሩ ወሰነ። በ1930 ኒፖን ማሩና ካይዎ ማሩ የተባሉት ባለ አራት ምሰሶ እኅትማማች መርከቦች በኮቤ ከተማ ተሠርተው ወደ ባሕር ወረዱ።

ሞተር ባለበት ዘመን ሸራ ምን ይፈይዳል የሚል አይጠፋም። መልሱ በሥራው ውስጥ ይገኛል። ከባዱን ሸራ አንድ ሰው ብቻውን አይዘረጋውም፤ ብዙዎች ተሰልፈው ገመዱን በአንድ ድምፅ ይስባሉ። ዕጩ መኮንኖቹ በባዶ እግራቸው አጎንብሰው፣ ለሁለት በተከፈለ የኮኮናት ቅርፊት የመርከቧን የእንጨት ወለል ይፈትጋሉ። የነፋሱንና የሞገዱን ጠባይ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በገዛ አካላቸው ይማራሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶቻችን ብሂል በዚያ በየዕለቱ በተግባር ይታያል።

መርከቧ ከወደብ ስትነሣ ዕጩ መኮንኖቹ በምሰሶዎቹ ላይ ወጥተው ይሰለፉና፣ ለሸኚዎቻቸው በታላቅ ድምፅ የስንብት ሰላምታ ያሰማሉ። መግባቷ ግን እንደ መውጣቷ አይደለም። ሸራዎቹ ተጠቅልለው ይታሰራሉ፤ ጎታች ጀልባዎች እየረዷት በዝግታ ወደ መቆሚያዋ ትጠጋለች። ውቅያኖስ የተሻገረ ሁሉ ይበልጥ መጠንቀቅ ያለበት በዚህ ጊዜ ነው።

ለዚህም ምስክር አለ። በ1989 የተሠራችው ሁለተኛዋ ካይዎ ማሩ በጥቅምት 2004 ከቶያማ ወደብ አጠገብ መልሕቋን ጥላ ሳለ፣ ታይፉን የተባለው ብርቱ ማዕበል ገፍቶ ከማዕበል መከላከያው ግንብ ጋር አላተማት። ተሳፋሪዎቿ 167 ነበሩ። የቆሰሉ ቢኖሩም ሁሉም በሕይወት ወጡ። መርከቧም ተጠግና ወደ ሥልጠናዋ ተመለሰች።

ጦርነትም የራሱን ዕዳ አስከፍሏል። በ1943 የኒፖን ማሩ ሸራዎች ወረዱ። ከጦርነቱ በኋላ ይህችው መርከብ በባዕድ ምድር የቀሩ ከ25 ሺህ የሚበልጡ ጃፓናውያንን ወደ አገራቸው መለሰች። በዚያው ዘመን ማይዙሩ በተባለው ወደብ፣ ከ1945 እስከ 1958 ወደ 660 ሺህ የሚሆኑ ተመላሾች ከልዩ ልዩ መርከቦች ወርደዋል። ልጆቻቸው የዘገዩባቸው እናቶች መርከብ በመጣ ቁጥር ከወደቡ እየሄዱ የወራጁን ፊት ይመለከቱ ነበር። አንዳንዷ ልጇን አቅፋ ስትመለስ፣ ሌላዋ የሚቀጥለውን መርከብ ትጠብቅ ነበር።

የኒፖን ማሩ ሸራዎች በ1952 እንደገና ተሰቀሉ። እስከ 1984 ድረስ በ54 ዓመት አገልግሎቷ 11,500 ያህል ዕጩ መኮንኖችን አሠልጥና፣ 1.83 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛለች። ከ1985 ጀምሮም በዮኮሃማ ለተመልካች ክፍት ሆና ቆማለች።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ በሥልጠና ሜዳ የሚፈሰው ላብ ለማን እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን። ለወጣቱ የከበደው ልምምድ ቤት ለምትጠብቀው እናት መድን ነው። በግዳጅ ላይ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ሥልጠናን አታቃልሉ፤ ደብዳቤም አታዘግዩ። በቤት ያላችሁም የጠባቂነት ድካማችሁ ከአገልግሎት የሚቆጠር መሆኑን አትዘንጉ።