አይነዝርም ማለት አያቃጥልም ማለት አይደለም

የሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ፊውዝ ምን አገባው የምትሉ ካላችሁ አልቀየምም። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም ክረምት ለእረፍት ካኮ በሄድኩበት ጊዜ ያየሁት ነገር ዝም አላሰኘኝም።

ካኮን ለማታውቁ፣ ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ ሲኬድ መንገድ ላይ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። አጎቴ ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ የመብራት ምሰሶ ባልደረሰበት መንደር ትንሽ ፀጉር ቤት አላቸው። ፀጉር ይቆርጣሉ፣ ሞባይል ቻርጅ ያደርጋሉ፣ ማታ ማታ ቴሌቪዥን ያሳያሉ። ይሄ ሁሉ የሚሠራው ጣሪያው ላይ በተሰቀሉ የሶላር ፓኔሎች፣ ጎን ለጎን በታሰሩ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችና በአንድ ባለ 1000 ዋት ኢንቨርተር ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ወንበር ላይ እያለ ከጥግ ጭስ መጣ። ከባትሪው ወደ ኢንቨርተሩ የሚሄዱት ሁለት ወፍራም ሽቦዎች በቆርቆሮ ጠርዝ ስር ነበር የሚያልፉት። ቆርቆሮው ቀስ በቀስ ላስቲካቸውን ልጦት ኖሯል፣ ያን ቀን ኮንታክት አደረጉ። ሽቦው እንደ ፍም ቀላ። አጎቴ ደንበኛውን አስወጥተው ሽቦውን በእጃቸው መንጭቀው አላቀቁት። ቤቱ ተረፈ። የቀኝ መዳፋቸው ግን ተቃጥሎ ሁለት ወር ሙሉ መቀስ አልያዙም። በዚያ ወቅት ሁለት ወር ማለት የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ማለት ነው።

የገረመኝ እጃቸው ታሽጎ ከተቀመጡ በኋላ የተናገሩት ነው። «ልጄ፣ 12 ቮልት እኮ ነው፣ አይነዝርም ብሎኝ ነበር» አሉኝ። ያለው የገጠመላቸው ሰው ነው። (ስሙን መጥራት አልፈልግም፤ እሱንስ ማን አስተማረው?)

ግቢ ስመለስ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የሚማር የዶርም ጓደኛዬን ጠየቅሁት። እንዲህ ነው ያስረዳኝ። 12 ቮልት በደረቅ ቆዳ ላይ እውነትም አይነዝርም። ሽቦ ግን ቆዳ አይደለም። የኦምን ሕግ በሃይስኩል ፊዚክስ ተምረናል፤ የአንድ ትልቅ ባትሪ የውስጥ ሬዚስታንስ 0.005 ኦም ቢሆን፣ ኮንታክት ሲያደርግ 12 ለ0.005 ተካፍሎ 2400 አምፔር ይሆናል። ብረት የሚበየድበት ማሽን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከ100 እስከ 200 አምፔር ባለው ነው። አጎቴ እንግዲህ ከመስታወታቸው ስር ከብየዳ ማሽን የባሰ ነገር አስቀምጠው ነበር፣ ያውም ማጥፊያ የሌለው!

«ኮንትሮለሩስ አይጠብቅም ወይ?» አልኩት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው አሉ። ኮንትሮለር የሚቆጣጠረው ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውንና በራሱ በኩል የሚያልፈውን ብቻ ነው። ኢንቨርተሩ በቀጥታ ከባትሪው ስለሚታሰር ኮንትሮለሩ አያየውም። ሰው የሚፈራው ጣሪያ ላይ ያለውን ፓኔል ነው፤ ባለ 100 ዋት ፓኔል ግን ኮንታክት ቢያደርግ የሚሰጠው 6 አምፔር ገደማ ነው፣ ከወትሮው ብዙም አይበልጥም። ጉልበቱ ያለው መሬት ላይ ባትሪው ውስጥ ነው።

ፊውዝ የሚጠብቀው በመጀመሪያ ሽቦውን ነው፣ ስለዚህ ሽቦው ከመጋሉ በፊት መቅለጥ አለበት። 1000 ዋት ለ12 ሲካፈል 83 አምፔር ነው፤ ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ሲታከልበት ወደ 100 ይጠጋል። ስለዚህ ባለ 125 አምፔር ፊውዝና ያንን የሚችል፣ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ሽቦ ያስፈልጋል። ፊውዙ ኢንቨርተሩ አጠገብ ከተደረገ ከባትሪው እስከ እሱ ያለው ሽቦ ጠባቂ አይኖረውም። ቦታው የባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ነው፤ በአሜሪካ ለጀልባዎች የወጣው ደረጃ በመሠረቱ ከ18 ሴንቲ ሜትር እንዳይርቅ ያዛል። ባትሪዎች ጎን ለጎን ሲታሰሩ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱ ፊውዝ ይፈልጋል፣ አንዱ ውስጡ ቢበላሽ ሌላው ኮረንቲውን ሁሉ ስለሚያወርድበት። የቤት ብሬከር ነቅሎ መግጠምም አያዋጣም። የቤት ኮረንቲ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ብልጭታው ቶሎ ይጠፋል፣ የባትሪ ኮረንቲ ግን እረፍት የለውም፤ «ዲሲ» የሚል ያልተጻፈበት ብሬከር ራሱ ሊነድ ይችላል። የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅሎ ስለሚመልሰው ወገናችን ምን ልበል? ሁላችንም እናውቀዋለን።

በበኩሌ ጥፋቱን አጎቴ ላይ አላደርግም። ጂንካ ሄጄ ፊውዝ ስጠይቅ «ለየትኛው መኪና?» ነው የተባልኩት! ፓኔል አለ፣ ባትሪ አለ፣ ኢንቨርተር አለ፤ ፊውዝ የሚጠይቅ ስለሌለ የሚያመጣ የለም፣ የሚያመጣ ስለሌለ የሚያውቀው የለም። ድሃ አገር ነን፣ ሰው ባትሪውን በስንት መከራ ገዝቶ ተጨማሪ ወጪ እንዴት ይችላል የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። የፊውዝ ዋጋ ግን ከባትሪው ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። እንደኔ ቢሆን ነጋዴው ትልቅ ባትሪ ያለ ፊውዝና ያለ ማቀፊያው እንዳይሸጥ በደንብ ይከለከል ነበር። ትናንሾቹ የመብራት ሳጥኖች መከላከያቸው ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ ውስጣቸው ይመጣል፤ አደጋው ያለው እንዲህ ከየሱቁ ተገዝቶ ቤት ውስጥ በሚገጣጠመው ላይ ነው።

ወደ ሙያችን ስመጣ ደግሞ እኛም አለንበት። ሶላር በአገራችን ትናንት የመጣ አይደለም፣ ሚቶ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1985 ተተክሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ደግሞ እስከ 2025 ከሕዝቡ 35 በመቶው ከዋናው መስመር ውጭ በሆነ መንገድ፣ በተለይም በሶላር፣ መብራት እንዲያገኝ አቅዶ ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ የዜናው ቋንቋ አንድ ነው፤ ስንት ዋት፣ ስንት አባወራ፣ ማን መረቀ። ከዓመት በኋላ ተመልሶ ሽቦው እንዴት ሆነ፣ የገጠመው ሰው የት ሠለጠነ ብሎ የጠየቀ ዘገባ እኔ አላነበብኩም። ክፍል ውስጥ ስለ ክትትል ዘገባ ስንማር ብዙዎቻችን የምናስበው ሙስናን ብቻ ነው።

አጎቴ አሁን ሥራ ጀምረዋል። ከአዲስ አበባ አራት ፊውዝ አስገዝቼ ላክሁላቸው፤ ሦስቱ ተገጥመዋል፣ አንዱን ለመጠባበቂያ መስታወቱ አጠገብ ሰቅለውታል። ጎረቤታቸው ባለ ሻይ ቤቱም ያንኑ ዓይነት ባትሪ አለው፣ የገጠመለትም ያው ሰው ነው። በስልክ ስጠይቃቸው እስካሁን ፊውዝ አላደረገም አሉኝ።