ያላነበብኩትን ፈረምኩ

ስለ ሕፃናት ጉንፋን የጀመርኩትን ሳልጨርስ ወደ ሌላ ነገር በመሄዴ ይቅርታ አድርጉልኝ። ጉንፋኑ የትም አይሄድም፤ በሚቀጥለው ሳምንት እመለስበታለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ከመስከረም ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የቆየ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ለያሆዴ የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ መጥቶ፣ ሁላችንም ሆሳዕና እናቴ ቤት ተሰበሰብን። አታካናው በቅቤ ርሶ ቀርቧል፣ ሥጋው እየተከተፈ ነው፣ ልጆች በር ላይ ይንጫጫሉ። እሱ ግን ጥግ ይዞ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ስልኩ ይጮህ ጀመር። ለካ ካሊፎርኒያ ያሉት ደንበኞቻቸው ሥራ የሚገቡት በዚያ ሰዓት ነው። እዚያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲል እኛ ዘንድ መሽቷል።

እናቴ ዕድሜዋ ከሰማንያ አልፏል፤ ዓይኗ ግን አልደከመም። ልጁን ብዙ ተመለከተችውና በሀዲይኛ፣ «ይሄ ልጅ ጣቱን አያንቀሳቅስም፤ ዝም ብሎ ያያል። ሥራው ማየት ነው?» አለች። እሱም ሳቅ ብሎ፣ «አያቴ፣ አሁን የሚጽፈው ማሽኑ ነው፤ እኔ ትክክል መሆኑን ነው የማየው» አላት። «ታዲያ ማሽኑ የሚሠራ ከሆነ አንተ ለምን ከሳህ?»

መልስ አጣ። ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ ወደ እኔ መጥቶ ቁጭ አለና፣ «አክስቴ፣ አንቺ ነርስ ስለሆንሽ ይገባሻል። እኔ በየቀኑ ያላነበብኩትን እየፈረምኩ ነው» አለኝ።

ሥራው ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። እኔም ለመረዳት ሁለት ማታ ፈጅቶብኛል። ድርጅቱ ለሌሎች ሰዎች የኮምፒውተር ፕሮግራም በኮንትራት ይሠራል፤ ለአንዱ የክፍያ ሥርዓት፣ ለሌላው የሱቅ መዝገብ፣ ለሌላው የክሊኒክ ቀጠሮ። እንደ ቤት ሠሪ ኮንትራክተር ቁጠሩት። የሚሸጠው ዕቃ ሳይሆን የሠራተኞቹን ሰዓት ነው። ኮድ የሚሉት ደግሞ ለኮምፒውተሩ የሚጻፈው ትእዛዝ ነው፤ መስመር በመስመር ይጻፋል፣ አንዷ መስመር ከተሳሳተች ሌላው ሊበላሽ ይችላል። በዚህ ሙያ አንድ ሰው የጻፈውን ሌላ ሰው አንብቦ «ደህና ነው» ብሎ ሳያጸድቅ ወደ ደንበኛ አይሄድም። እኛ መርፌ ከመስጠታችን በፊት ሁለት ሆነን መድኃኒቱንና መጠኑን እንደምናየው ማለት ነው።

ከዚያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጣ። ጊትሀብ የተባለው ድርጅት ኮፓይለት የሚለውን ኮድ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2021 ለሙከራ አወጣ፤ በኅዳር 2015 ቻትጂፒቲ ተከተለ፤ ዛሬ ስማቸውን ልቆጥር የማልችላቸው ብዙ ናቸው። ሰዎች ለዓመታት የጻፉትን እጅግ ብዙ ኮድ ተምረው፣ የፈለጋችሁትን በተራ ቋንቋ ስትነግሯቸው በደቂቃ ውስጥ ይጽፉታል። እኔ በገባኝ መጠን እንደ ጎበዝ ተለማማጅ ነርስ ናቸው፤ ፈጣን፣ የማይደክም፣ ትሑት። «አላውቅም» ማለት ግን ይከብዳቸዋል። ሲሳሳቱም ፊታቸው አይቀላም።

የልጁ ችግር ከዚህ ይጀምራል። ድሮ አሥር ቀን የሚሰጠው ሥራ አሁን አራት ቀን ሆነ። የተረፉት ስድስት ቀናት የማን ሆኑ ብትሉ የእሱ አልሆኑም፤ ሌላ ሥራ ገባባቸው። ጓደኞቹ በማሽን የጻፉት እሱ ዘንድ ለማጽደቅ ይመጣል፤ በቀን እስከ ሁለት ሺህ መስመር የሚመጣበት ጊዜ አለ። አለቃው ማን ማሽኑን ምን ያህል እንደተጠቀመ በሰንጠረዥ ይዟል። ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ስሙ «ዘገምተኛ» ነው። ስለዚህ ከላይ ከላይ ያይና ያጸድቃል። አንዳንዴም ማሽኑ የጻፈውን ሌላ ማሽን እንዲያነብለት ይሰጣል። «እና አንተ የት ነህ?» ብለው፣ «እኔማ ፊርማው ላይ ነኝ» አለኝ።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገራችሁ። ይህን ታሪክ ከባለቤቴ በቀር ለሰው አውርቼው አላውቅም። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ገና ዲፕሎማዬን ይዤ በአንድ ጤና ጣቢያ የማታ ተረኛ ነበርኩ። አንዲት ተማሪ የወላዶቹን ሙቀት ለክታ ወረቀቱን አመጣችልኝ። ሁሉም 37 ነው። ደክሞኛል፣ እሷም ጨዋ ልጅ ናት፣ ፈረምኩ። ሊነጋ ሲል ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ የሆነች እናት ስትንቀጠቀጥ ሄጄ ብለካት 39.6። ተማሪዋ እዚያ አልጋ ጋ አልደረሰችም፤ የጎረቤቷን ቁጥር ነው የገለበጠችው። ሴትየዋ በጊዜ ተደርሶላት ዳነች፣ ተመስገን። የክፍሉ ኃላፊ ግን ተማሪዋን አልተቆጣቻትም። ወረቀቱን ለእኔ አሳየችኝና፣ «ይሄ ፊርማ የማነው?» አለችኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያቺ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ለልጁ ይህን ስነግረው፣ «ኮድ ሰው አይገድልም፣ አክስቴ» አለኝ። ይገድላል እንጂ። ቴራክ-25 የሚባል የካንሰር የጨረር ሕክምና ማሽን ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው ሞዴል ጨረሩ ከልክ ሲያልፍ በብረቱ፣ በአካሉ የሚያግድ መከላከያ ነበረው። በአዲሱ ላይ ያንን አውጥተው ጥበቃውን ለሶፍትዌሩ ተዉት። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ድረስ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ስድስት ታማሚዎች ከመጠን ያለፈ ጨረር ደረሰባቸው፤ ቢያንስ ሦስቱ በዚያ ሳቢያ ሞቱ። እኔን የሚያንገበግበኝ ማሽኑ የስህተት ምልክት ያሳይ እንደነበር ነው። ነገር ግን ምልክቱ በየቀኑ ስለሚወጣ ባለሙያዎቹ ለምደውት፣ «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ ነበር። ያን ጊዜ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮድ አይጽፍም፤ የጻፈው ሰው ነው። ማሽኑን ብቻ የምትረግሙ ካላችሁ ይህን አስቡ።

ፍጥነቱ ራሱስ? እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ሜትር የተባለ የአሜሪካ የምርምር ድርጅት ውጤቱን አወጣ። 16 ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች በደንብ የሚያውቁት ሥራ ላይ 246 ተግባራት ተሰጥቷቸው፣ ከፊሉን በማሽኑ እገዛ፣ ከፊሉን ያለሱ ሠሩ። ሲጨርሱ ተጠየቁ፤ ማሽኑ 20 በመቶ ያህል እንዳፈጠናቸው ተናገሩ። ሰዓቱ ሲቆጠር ግን 19 በመቶ ዘግይተዋል። ይህ አላስደነቀኝም። ታማሚ «ተሽሎኛል» ሲለኝ ቴርሞሜትሩን የማወጣው ለዚህ ነው።

ልጁን ግን ላዳምጠው ይገባል፤ እሱ የማሽኑ ጠላት አይደለም። «አክስቴ፣ ያ ጥናት የ2025 መጀመሪያ መሣሪያዎችን ነው የለካው፤ በየወሩ ይለወጣሉ። እኔ የማላውቀው ቋንቋ ሲያጋጥመኝ ሦስት ቀን የምፈልገውን በሰዓት ያሳየኛል። ሆሳዕና ስማር አንድ ነገር ካልገባኝ የምጠይቀው ሰው ስንት ነበር?» አለኝ። እውነቱን ነው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሲማር መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን እያነበበ እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ አስረጂ ቢኖረው ኖሮ እላለሁ።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ዘንድሮ ቢሮአቸው አዲስ ተመራቂ አንድም አልቀጠረም። ትንንሹን ሥራ ማሽኑ ስለሚሠራው ጀማሪ ምን ያደርጋል ይላሉ። እንሰት የምትፍቁ እናቶች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ልጅቷ ከእናቷና ከአክስቶቿ ጎን ተቀምጣ በመጀመሪያ ታበላሻለች፤ ኋላ ላይ ነው እጇ የሚገባው፣ የቱ ለቡላ፣ የቱ ለቆጮ እንደሆነ የምትለየው። ጀማሪ ካልተቀመጠ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ማሽኑ የጻፈውን አንብቦ «ይሄ ስህተት ነው» የሚለው ሰው ከየት ይመጣል? ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ እሱ ነው። እኔም መልስ የለኝም።

ሌላው ነገር እንቅልፍ ነው። እኛ ሌሊት አድረን ጠዋት ርክክብ አድርገን ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር። እነሱ ግን እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ከካሊፎርኒያ ጋር ይቆዩና ጠዋት 3 ሰዓት አዲስ አበባ ቢሮ ይገኛሉ። በአዋጅ 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፤ ትርፍ ሰዓቱም የራሱ ክፍያ አለው። ልጁ ይህን አያውቅም ነበር። ዓይኑ ቀልቷል፣ ሱሪው ሰፍቶታል። ጫት መጀመሩን ስጠይቀው ዝም አለ። ዝምታው መልስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በማግስቱ ወንድሜ ነገሩን ሲሰማ፣ «እንግዲያውስ ይተወው። የአጎቱ ልጅ ጆሃንስበርግ ሱቅ አለው፤ ላሜን እሸጣለሁ፣ ይሂድ» አለ። ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ ሾኔ፣ ሀደሮ ላላችሁ ይህ አባባል አዲስ አይደለም። እዚህ አገር ስንት ቤት በደቡብ አፍሪካ ገንዘብ ተሠራ፣ ስንት ቤት ደግሞ በደቡብ አፍሪካ መንገድ ጨለመ። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ በአንድ መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። ያን ሰሞን ጡረታ ላይ ነበርኩ፤ ለቅሶ ቤት ግን ነርስ ጡረታ የለውም። ወንድሜን፣ «ላፕቶፕ የገዛህለት በዚያችው ላም እናት ነው፤ ልጅቱን ለዚያ መንገድ አትሽጣት» አልኩት። ተቆጣኝ። ሁለት ቀን አላናገረኝም።

ግን የእሱም ቁጣ ምክንያት አለው። ለልጆቻችን «ኮምፒውተር ተማር፣ መንገዱ እሱ ነው» ያልናቸው እኛ ነን። በሐምሌ 2016 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሲጀመር፣ የጎረቤቴ የ12ኛ ክፍል ልጅ እንድትመዘገብ የገፋፋሁት እኔ ነኝ፤ በነፃ ነው፣ በስልክም ይሞከራል ብዬ። አሁን እናቷ መንገድ ላይ ታቆመኝና፣ «ሲስተር፣ ማሽኑ የሚሠራው ከሆነ ልጄ ለምን ትደክማለች?» ትለኛለች። ትማር እላታለሁ። ግን ማሽኑ የሰጣትን ዘግታ በራሷ ቃል ለእናቷ ታስረዳ። እናትየው ባይገባትም ልጅቷ የት ላይ እንደምትንተባተብ ትሰማለች። እኔም ተማሪ ነርሶችን የምፈትነው እንደዚህ ነበር። አንድ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ከሆነ በደቂቃ ስንት ይወርዳል? 42 ያለችኝን እንዴት እንዳመጣችው አስነግራታለሁ። ከጓደኛዋ የገለበጠችው እዚያ ላይ ዝም ትላለች።

ለወንድሜ ልጅ የመከርኩት ጥቂት ነው። ያነበበውን «አነበብኩ»፣ ያላነበበውን «አላነበብኩም» ብሎ በጽሑፍ እንዲያኖር፤ የሰው ገንዘብና የታማሚ መረጃ የሚነካውን ክፍል ግን ሳያነብ በፍጹም እንዳይፈርም፤ ይህንንም ለአለቃው በቃል ሳይሆን በደብዳቤ እንዲነግር። «ያባርሩኛል» አለኝ። «ሊያባርሩህ ይችላሉ» አልኩት። ሌላ ምን ልበል? የእኔ የጡረታ ደመወዝ ወር አይሞላም፤ የእሱን ኪራይ ልከፍልለት አልችልም።

ከጥቅምት ወር በኋላ ደብዳቤውን ጻፈ። አለቃው አላባረረውም። ለክፍያ ሥርዓቱ ብቻ ሁለት ተጨማሪ ቀን ሰጠው፤ ሌላው እንደነበረ ይቀጥል ተባለ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ክፍያ ኔትወርክ ተቋርጦ ሲመለስ ሁለቴ የሚቆረጥበት ስህተት አገኘ። አለቃው አመሰገነው፤ በወሩ መጨረሻ በሰንጠረዡ ላይ ስሙ ታች ነበር። የደመወዝ ጭማሪው ከእሱ በኋላ ለገባ ልጅ ተሰጠ። ወንድሜም ይህን ሲሰማ፣ «አላልኳችሁም?» አለ፤ ላሟን ግን እስካሁን አልሸጣትም።

ቅዳሜ ማታ ይደውላል። እናቴ ስልኩን ከእጄ ትነጥቅና መጀመሪያ የምትጠይቀው፣ «በላህ? ተኛህ?» ነው። ባለፈው ቅዳሜ፣ «ዛሬ አራት መቶ መስመር አነበብኩ፣ አያቴ» አላት። እሷም ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ይሄ ልጅ መጽሐፍ ማንበብ ጀመረ መሰለኝ» አለችኝ።