ትርፍ አውራ ዶሮዎችን ምን እናድርጋቸው?

 

ከሚፈለፈሉ ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ወንድ ናቸው። ስለዚህ እዚህ አንበሳሜም ሆነ ወረታና ፎገራ ሜዳ፣ ዶሮ በሚረባበት ቤት ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ትርፍ አውራ መኖሩ አይቀርም። እህል ይበላሉ፣ እንቁላል የላቸውም፣ እርስ በርስ ይደማማሉ፣ የሴቶቹንም ጀርባ ላባ ይጨርሳሉ። ታዲያ የትኛው ይቅር? የትኛው ይሸጥ? የትኛውስ ይታረድ?

ለ10 ሴት ዶሮ 1 አውራ ይበቃል። ጫጩት ማስፈልፈል ካልፈለጋችሁ ጭራሹን አያስፈልግም። «አውራ ከሌለ ዶሮ እንቁላል አትጥልም» የሚባለው እውነት አይደለም። ያለ አውራ የተጣለ እንቁላል ጫጩት አይሆንም እንጂ ለልጅ የሚሰጠው ጥቅም ያው ነው። እንዲያውም ፅንስ ስለሌለው በሙቀት ጊዜ ቶሎ አይበላሽም። ለዘር የሚቀረውን አውራ ግን ከራሳችሁ ጫጩቶች አትምረጡ። ከእናቱና ከእህቶቹ ጋር ሲራባ ዘሩ ይደክማል። ራቅ ካለ ጎረቤት ጋር ተለዋወጡ።

የሚሸጡትን በበዓላት ቁጠሩ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የዶሮ ፈላጊ ይቀንሳል፤ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽና ለገና ገበያው ይሞቃል። ገዢ ቀዩንና ድርብ ኩክኒ ያለውን ይመርጣል። እነዚህን ለበዓል ገበያ አቆዩ፤ መልኩ የማያምረውን ቤት እረዱ፤ ጣዕሙ አንድ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከገበያ ሳይሸጥ የተመለሰ አውራ ፈንግል ይዞ ሊገባ ይችላል። ሁለት ሳምንት ለብቻው አቆዩት። የታመመውን ደግሞ አትሽጡት፣ አትብሉትም። ከሽያጩ ላይ ለቀሪዎቹ የክትባት ገንዘብ አስቀሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በብዙ ቤት አውራውም እንቁላሉም ገበያ ይወጣል፣ ልጁ ግን ሽሮ ይበላል። ዶሮ ሲታረድም ሥጋው ለእንግዳና ለአባወራ ቀርቦ ለልጅ በወጡ የራሰ እንጀራ ይደርሰዋል። ልጅ 6 ወር ከሞላው ጀምሮ ከእናት ጡት ጋር በደንብ የበሰለ እንቁላልና በጣም የደቀቀ ሥጋ ያስፈልገዋል። ጉበቱን አብስላችሁ፣ አድቅቃችሁ ስጡት፤ ለደሙ ይጠቅመዋል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ከ7 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ጾም አይገደዱም። የጾም ድስት እንዳይነካካ ከሰጋችሁ ለልጁ ትንሽ ድስት ለይታችሁ ያዙለት።

አራት ትርፍ አውራ ካላችሁ ሦስቱን ሽጡ፣ አንዱን ግን በልጆቹ ስም እረዱ። አያቶችም በዚህ ላይ ቃላችሁ ይሰማልና ለልጅ ልጆቻችሁ ተሟገቱላቸው።