ማንም የማያየው ስብስብ

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በሩ ለሕዝብ የማይከፈት፣ ዕቃው የማይታይ፣ የገዛ ሠራተኞቹ እንኳ ገብተው የማያዩት ክፍል ምን ይባላል? በእኛ በቦረና ቢሆን ኖሮ ሰዉ ስንት ነገር ባወራበት! ለንደን ላይ ግን “ሙዚየም” ይባላል።

ስለ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው የማወራው። እዚያ 11 ጽላቶች አሉ። አብዛኞቹ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ አፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ፣ ከመቅደላ የተዘረፉ ናቸው። መቅደላ ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ እዚያው ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ናት። እንግሊዞች ዘረፋውን በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ ጨረታ አወጡበት። የሙዚየሙ ሰው ሪቻርድ ሆልምስም ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። ከብዷቸው የተዉት ሴባስቶፖል ዛሬም አምባው ላይ አለ።

ሙዚየሙ ጽላቶቹን ለእይታ አያቀርብም፤ ለተመራማሪም አይፈቅድም። ከካህናት በቀር ማንም እንዳያያቸው አድርጌያለሁ ይላል፣ እምነታችሁን አክብሬ። እሰየው! ታዲያ ምን ሊያደርግላቸው ይዟቸዋል?

ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ፕራግ ላይ ተሰብስቦ ሙዚየም ምን እንደሆነ እንደገና ደንግጓል። ኅብረተሰብን የሚያገለግል፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ፣ ቅርስ የሚያጠና፣ የሚሰበስብ፣ የሚጠብቅ፣ የሚተረጉምና የሚያሳይ ተቋም ነው ይላል። ጽላቶቹ አይጠኑ፣ አይታዩ፣ ሕዝብ አይደርስባቸው። የቀረው ቁልፉን መያዝ ብቻ ነው። ቁልፍ መያዝ ደግሞ የዘበኛ ሥራ ነው።

“ሕጉ አይፈቅድልንም” ይሉናል። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የሙዚየሙ ሕግ ግን በስብስቡ ውስጥ ሊቆይ የማይገባውን ዕቃ፣ ተማሪና ተመራማሪ እስካልተጎዳ ድረስ፣ ማስወገድ ይፈቅዳል። ማንም ተማሪ ሊያየው የማይችል ነገር ቢመለስ የትኛው ተማሪ ነው የሚጎዳው?

“እኛ ዘንድ ይጠበቃል” የሚለውም ዘፈን ዜማው ተበላሽቷል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ያው ሙዚየም 2 ሺህ ገደማ ዕቃዎቼ ጠፉ፣ ተሰረቁ፣ ተጎዱ ብሎ ለዓለም ተናግሯል። ብዙዎቹ በቅጡ እንኳ አልተመዘገቡም ነበር።

“አፄ ቴዎድሮስስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት አይደል የሰበሰቡት?” የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ግን የሰበሰቡት መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ነው፤ ከመቅደስ ወደ መቅደስ። ጎንደርና መቅደላ ቢጣሉ እዚሁ ሽማግሌ አለን።

መመለስ እንደሚቻል ደግሞ አይተናል። ኤድንበርግ የሚገኝ አንድ ቤተ ክርስቲያን በ1994 ዓ.ም. ጽላት መልሷል። የለንደኑ ዌስትሚኒስተር አቢም በ2016 ዓ.ም. የያዘውን ለመመለስ በመርህ ደረጃ ተስማምቷል።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ለንደንን በምንከስበት አፍ ስለ ሳይንት፣ ስለ ቦረናና ስለ ወግዲ ዕቃ ቤቶች ስንቴ ተናግረናል? እዚያ ብራናው ይነበባል፣ መስቀሉ ይሳለማል፣ ገበዙ ንብረቱን ቆጥሮ ይረከባል፣ ቆጥሮ ያስረክባል። የፕራጉን ድንጋጌ ሳያነብ የሙዚየም ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ደመወዙስ? በሩስ? ቁልፉስ?

መፍትሔ ሲባል አንዳንድ ሹም የሚቀናው “ወደ ከተማ እንሰብስበው” ማለት ነው። ለገበሬና ለካህን የማያምን አነጋገር ነው፤ የሎንዶኑ ታናሽ ወንድም። የደሴ ሙዚየም ከተማ አይደለም እንዴ የነበረው? በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደርሶ ተዘረፈ። ሁሉን አንድ ጎተራ ውስጥ ያከማቸ፣ እሳት ሲነሳ ሁሉን ያጣል።

የሚያስፈልገው ቀላል ነው፤ ካሜራ፣ መዝገብና ጠንካራ ሣጥን። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ይመዝገብ ይላል። ጽላት ለካሜራ አይቀርብም፤ ብራናው፣ መስቀሉ፣ ሥዕሉ ግን ፎቶ ይነሣ፤ መጠኑ ይለካ። አንዱ ቅጂ ለደብሩ፣ አንዱ ለሀገረ ስብከቱ፣ አንዱ ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ከቤልጅየም የተመለሰው የታወቀ መስቀል፣ ፎቶግራፉም ያለ ስለነበረ ነው። ነገ ከቦረና አንድ ብራና ተሰርቆ ብራሰልስ ነጋዴ ዘንድ ቢገኝ “የኛ ነው” የምንለው ምን ይዘን ነው? የገበዙን መሐላ?

እንግሊዝ ጽላቶቹን ይመልስ፤ ምክንያቱን በራሱ ሕግና በራሱ ማኅበር ድንጋጌ አሳይቻለሁ። የወረዳችን ሰዎች ደግሞ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት አንድ ካሜራና አንድ መዝገብ ይያዙልን። ዕቃ ቤቱን የሚከፍት ገበዝ አይጠፋም።