ስለ ዝምታና ስለ ቤት ሰላም

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ይህም ሰውን ከሐሜትና ከክርክር የሚጠብቅ መልካም ምክር ነው። ነገር ግን ጎረቤቱ ሲገረፍ እያየ ዝም የሚል ሰው የገዛ ቤቱን ይጠብቃልን? የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ ለዚህ ጥያቄ በአሜሪካ አገር የተደረገ አንድ ነገር መልስ ይሰጠናል።

ታቦር ሲቲ በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና ወሰን ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በዚያም ሆራስ ካርተር የተባለ ሰው በፈረንጅ አቈጣጠር በ1946 ዓ.ም. ታቦር ሲቲ ትሪቢዩን የሚባል ጋዜጣ አቋቋመ። በ1950 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፥ ጥቁሮችን በመጥላት የታወቀው የኩ ክሉክስ ክላን ማኅበር ሰዎች ነጭ ቀሚስ ለብሰው በመኪና ተሰልፈው በከተማይቱ ውስጥ አለፉ። የ29 ዓመቱ ካርተርም ማኅበሩን የሚነቅፍ ጽሑፍ ወዲያው በጋዜጣው አወጣ።

ማኅበርተኞቹ በሌሊት ሰውን ከቤቱ እያወጡ ይገርፉ ነበር። ጥቁሮችን ብቻ ሳይሆን፥ ሰካራም ነህ፥ ትዳርህን አላከበርህም እያሉ ነጮችንም ገረፉ። ጥላቻ የምግባር ጠባቂ መስሎ ወደ ቤት እንደሚገባ ከዚህ እናስተውላለን።

ካርተርና ቤተ ሰቡ ብዙ ዛቻ ደረሰባቸው፤ የጋዜጣውም ገቢ አደጋ ላይ ወደቀ። እርሱ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ከ100 የሚበልጥ ጽሑፍ አወጣ። በጎረቤት ከተማ በዋይትቪል የኒውስ ሪፖርተር ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረው ዊላርድ ኮልም አብሮት ቆመ። በ1951 ዓ.ም. ማኅበርተኞቹ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጠልፈው የግዛቱን ወሰን አሻግረው ስለ ገረፉ፥ ነገሩ የማዕከላዊው መንግሥት ወንጀል ሆነና መርማሪዎቹ ገቡበት። በፍጻሜውም ከ100 የሚበልጡ ማኅበርተኞች ተፈረደባቸው፤ አለቃቸው ቶማስ ሃሚልተን በ1952 ዓ.ም. የ4 ዓመት እስራት ተቀበለ። ሁለቱም ጋዜጦች በ1953 ዓ.ም. የፑሊትዘርን ሽልማት አገኙ።

ፊቱን ሸፍኖ የሚመጣ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው መታወቅን ነው፤ ኃይሉም የጎረቤት ዝምታ ነው። ዛሬ ስለ ሌላው ቤት ዝም ያለ፥ ነገ በደጁ ሲመጡበት የሚናገርለት አያገኝም። እንግዲህ ልጆቻችንን ጨዋነት ስናስተምር፥ በሰው ነገር አለመግባት ሌላ፥ ሰው ሲበደል አለመናገርም ሌላ መሆኑን ለይተን እናሳውቃቸው።